ስለ አንድ ጣሳ ጋዝ እና ስላልጻፍኩት ቡና

ይህን ጽሑፍ መጻፍ የነበረብኝ ከስድስት ዓመት በፊት ነበር። ያን ጊዜም ጽፌያለሁ፤ ግን ግማሹን ነው የጻፍኩት። ዛሬ የቀረውን ልጨምርበት። ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

ወሩ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። አንድ መጽሔት ስለ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ረጅም ጽሑፍ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ከወራት በፊት፣ መጋቢትና ሚያዝያ 2011 ላይ፣ ፓርኩ ተቃጥሎ አገር ሲነጋገርበት ከርሟል። ጓሳውና አስታው ለቀናት ሲነድ፣ የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአካፋ ሲታገል፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ሲያግዙ በዜና ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። የመጽሔቱ ጥያቄ አጭር ነበር፦ ፓርኩን እያጠፋው ያለው ማነው?

እኔ የወር ደመወዝ የለኝም። የምኖረው በየጽሑፉ እየተከፈለኝ ነው። ለጉዞው ከተሰጠኝ ገንዘብ ለመኪና፣ ለፓርኩ መግቢያ፣ ግዴታ ለሆነው ጠመንጃ ያዥ ስካውት እና ለአንድ በቅሎ ከነነጂው ከተከፈለ በኋላ የሚተርፍ ነገር አልነበረም። ምግብ አብሳይ መቅጠርና የማብሰያ ዕቃ መከራየት የማይታሰብ ሆነ። ስለዚህ ራሴ አበስላለሁ አልኩ። ዕቅዴ የዘጠኝ ቀን የእግር መንገድ ነው፦ ከደባርቅ ተነሥቼ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ አድርጌ፣ ቧሂትን ተሻግሬ፣ ራስ ደጀን ወጥቼ፣ በአዲአርቃይ በኩል ልወርድ።

ምድጃ ነበረኝ። ጀርመን የሚኖር ጓደኛዬ ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ የተወልኝ፣ ተጣጥፎ ከመዳፍ የሚያንስ፣ ሸሚዝ ኪስ የሚገባ የተራራ ምድጃ ነው። ከታቹ ጥርስ አለው፤ ጋዝ በተሞላ ትንሽ ጣሳ አናት ላይ በእጅ ይጠብቃል፤ ክብሪት ትጭራለህ፤ አለቀ። የጎደለኝ ጣሳው ብቻ ነበር።

ጣሳው ብቻ!

*

ለማታውቁት ላስረዳ። ይህ ጣሳ በብዛት የሚሠራው በሦስት መጠን ነው፤ 100፣ 230 እና 450 ግራም ጋዝ የሚይዝ። ውስጡ ቡቴን ወይም አይሶቡቴን ከፕሮፔን ጋር ተደባልቆ፣ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ተቀምጧል። ነፋስ በሌለበት፣ ብርድ በማይበዛበት ቦታ 100 ግራሙ ከአምስት እስከ ሰባት ሊትር ውሃ ያፈላል። ተራራ ላይ ነፋስ ሲመታው ግን እስከ ግማሽ ይወርዳል። እኔ ጠዋት ቡና፣ ማታ ሽሮ ብዬ በቀን ሁለት ሊትር ያህል አሰብኩና ባለ 230 ግራሙን ሁለት ካገኘሁ ይበቃኛል አልኩ።

ችግሩ፣ ይህን ጣሳ ይዞ አውሮፕላን ላይ መውጣት በዓለም ዙሪያ ክልክል ነው። በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። ስለዚህ ረጅም መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁሉ፣ ኔፓል ይሁን ፔሩ፣ የሚሄድበት አገር ደርሶ የመጀመሪያ ሥራው ጋዝ ፍለጋ ነው። ምድጃ፣ ድንኳን፣ ጫማ ከቤት ይመጣል፤ እሳት ግን ከአገሩ ሰው ነው የሚገዛው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ የአገሩ ሰው ነኝ፤ የት እንደሚሸጥ ግን አላውቅም። ቦሌ አካባቢ ካሉ ሱቆች ጀመርኩ። አንዱ ጋ ለጠረጴዛ ምድጃ የሚሆነው ረጅሙ ጣሳ ተገኘ። አፉ ጥርስ የለውም፤ ከእኔ ጋር አይገጥምም። ሻጩ አልተሸነፈም፤ "በፕላስተር አጥብቀው" አለኝ። መርካቶ ቡታጋዝ የሚሸጡት ጋ ሄድኩ። ጣሳውን በስልኬ ፎቶ ሳሳያቸው ሳቁ። "ይሄ የአንበጣ መርጫ ነው" አለ አንዱ። ሌላው ባዶውን ካመጣሁለት ከትልቁ ሲሊንደር በቱቦ ሊሞላልኝ ቃል ገባ። ይህን ማድረግ ሰው እንደሚያቃጥል ስለማውቅ አመስግኜ ሄድኩ። ፒያሳ ላይ አንድ የማውቀው መድኃኒት ሻጭ አልኮል በቆርቆሮ ውስጥ አንድደህ ማብሰል ትችላለህ አለኝ። ሐሳቡ እውነት አለው፤ በሌላ አገር ብዙ ተጓዥ የሚሄደው በአልኮል ምድጃ ነው። ግን ለዚያ የሚሆነው 95 ከመቶ አካባቢ የጠነከረው ነው፤ እሱ ጋ የነበረው ውሃ የበዛበት የቁስል ማጠቢያ ነበር። አጠገባችን ቆሞ የሚሰማ ሰውዬ "ለምን ዳግም አረቄ አይጠቀምም?" አለ። ሦስታችንም ለትንሽ ጊዜ ከልባችን አሰብንበት።

በመጨረሻ ጎንደር ያለ አንድ አስጎብኚ ጋ ደወልኩ። አላስጨረሰኝም። "አትልፋ፤ ዝም ብለህ ና። ፈረንጅ ጥሎት የሄደ አለ" አለኝ።

*

እውነትም አለ። ጎንደር ደርሼ ቤቱ ስገባ ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን ስቦ አወጣ። አሥራ ሁለት ጣሳዎች አሉ። አንዳንዱ ዝጓል፤ በአንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ የማላውቀው ቋንቋ ተጽፎበታል። ተራራ ወጥተው የተመለሱ ቱሪስቶች አውሮፕላን ላይ ይዘውት መውጣት ስለማይችሉ ለአስጎብኚ ይተዉታል። አስጎብኚው ደግሞ ለቀጣዩ ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ ከሜክሲኮ ድንበር እስከ ካናዳ ድንበር 4,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው የፓሲፊክ ክሬስት መንገድ ላይ ተጓዦች የተረፋቸውን ጋዝና ምግብ ለኋለኛው የሚተዉበት ሣጥን በየከተማው አለ፤ እዚያ በነጻ ነው። የእኛው ሣጥን አልጋ ሥር ሆኖ ዋጋ አለው እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

"ይሄ ሙሉ ነው" ይለኛል፣ ጆሮዬ ሥር እየናጠ። "ይሄ ግማሽ። ይሄ ከግማሽ ትንሽ ያለፈ።" እሱ በናጠው ሁሉ ውስጡ ይንቦጫቦጫል፤ ስንት እንዳለው ግን በመናጥ አይታወቅም። ባለ 230 ግራሙ ጣሳ ባዶውን 150 ግራም ገደማ እንደሚመዝን አንብቤ ስለነበር ሚዛን ያስፈልገናል አልኩ። ተያይዘን ቅዳሜ ገበያ፣ አንዲት ቅመም ሻጭ ጋ ሄድን። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የምትመዝንበት ሚዛን ላይ ጣሳ በየተራ አስቀመጥን። 270፣ 245፣ 310፣ 200። ባዶውን ቀንሰን ስንደምር በአራቱ ውስጥ ያለው ጋዝ 425 ግራም ሆነ። ሴትዮዋ የምንሠራው ሲገባት "በቆርቆሮ ውስጥ ያለ አየር በግራም የሚገዛ ዛሬ አየሁ" ብላ ለጎረቤቷ ነገረቻት። ሙሉ የተባለው ግማሽ እንኳ በቅጡ እንዳልነበረው ያወቅነው እዚያ ነው። አስጎብኚውም አፍሮ ቀነሰልኝ።

ሳላውቅ የገዛሁት ሌላ ችግር ነበር። ድብልቁ ሲነድ ቀድሞ ተኖ የሚያልቀው በብርድ ጊዜ የሚያግዘው ፕሮፔን ነው። ሰው ተጠቅሞበት በተረፈ ጣሳ ውስጥ የሚበዛው ቡቴን ነው። ቡቴን ደግሞ በባሕር ወለል ደረጃ ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ሲደርስ መትነን ያቆማል። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ እዚያ ትንሽ ይሻለዋል። ነገር ግን ጋዙ ሲተን ጣሳውን ራሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ስለዚህ ውጭው ዜሮ ከሆነ ጣሳው ከዚያ በታች ይወርዳል። ይህን ሁሉ የተማርኩት ግጭ ላይ፣ ሌሊት፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነው።

*

መጀመሪያው ሌሊት ሳንቃበር ላይ ነበር። ከፍታው 3,250 ሜትር ገደማ ነው። አብረውኝ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ስካውቱ ስድሳን የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ጠመንጃቸውን እንደ ከዘራ የሚይዙ አባት ናቸው። የበቅሎው ነጂ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። የሁለቱንም ስም አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ይገባችኋል።

ምድጃዬን አቁሜ፣ በድንጋይ ከልዬ፣ ውሃ ጣድኩ። ስካውቱ ከአገልግላቸው በሶ አወጡ፤ በጣሳ በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጡ፤ ጨው ነሰነሱ፤ ጠጡ። እኔ ገና የውሃውን ክዳን ከፍቼ እያየሁ ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፤ 89 አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ፈላ ያልከው ነገር ቶሎ አይበስልም። ሽሮዬ እስኪሰክን ከሰባ ግራም በላይ ጋዝ እንደጨረስኩ የገባኝ በማግሥቱ ጣሳው ሲቀለኝ ነው።

"አባቴ፣ ትኩስ ነገር አያምርዎትም?" አልኳቸው።

"እሳቱን ቤት ጨርሸው ነው የመጣሁ" አሉኝ።

ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ሰማሁት። አሁን ሳስበው በአምስት ቃል የነገሩኝ የአገራችንን የረጅም መንገድ ጥበብ ነው። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፤ የስንቅ ምግቦቻችን ሁሉ መንገድ ላይ እሳት አይጠይቁም። ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ተሳላሚው ሲጓዝ የኖረው እንዲህ ነው። በውጭ አገር ተጓዦች ሸክም ለመቀነስ ብለው ምድጃቸውን ቤት ትተው ያለ እሳት መሄድን እንደ አዲስ ዘዴ ይወያዩበታል። እኛ ጋ ዘዴው ገብሱ ከተቆላ ጀምሮ አለ።

ግን "ቤት ጨርሸው" የሚለውን ቃል አስተውሉት። በሶ እሳት አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ገብሱን የቆላች ሴት አለች። የቆላችበት ማገዶ አለ። ያንን ማገዶ ከሆነ ቦታ የተሸከመ ጀርባ አለ። እሳቱ የለም ሳይሆን እኔ የማላይበት ቦታ ነድዷል።

*

ግጭ ስንደርስ ነፋሱ በረታ። ቦታው 3,600 ሜትር ላይ ያለ ሰፊ የጓሳ ሜዳ ነው፤ ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል፤ ጭላዳው በመቶ እየሆነ ይግጣል። በ2008 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ለፓርኩ ሲባል ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች ውስጥ የተመዘገበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ። ከዚያ መዝገብ ለመውጣቱ አንዱ ምክንያት የነዚህ ሰዎች መነሣት ነው። የቤቶቹ መሠረት ድንጋይ እዚያው ነበር። ማስታወሻዬ ላይ ሁሉንም መዘገብኩ።

ሲመሽ ምድጃው እምቢ አለ። ነበልባሉ የሻማ ያህል ሆነ። ጣሳውን አውጥቼ በጋቢዬ ጠቀለልኩት፤ ብብቴ ሥር ያዝኩት፤ መልሼ ገጠምኩት፤ አምስት ደቂቃ ነድዶ ደከመ። ሁለተኛውን ሞከርኩ፤ ያው። ድንኳኑ ላይ ያለው ጤዛ በረዶ ሆኗል። ራሴን ያመኛል፤ ከፍታው ይሁን ብርዱ አላውቅም። ፍርሃት መጣብኝ፤ እውነቱን ልናገር። ሰባት ቀን ይቀረኛል፤ ትኩስ ነገር የለኝም።

የበቅሎው ልጅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ምንም ሳይናገር ወደ ጨለማው ሄደ። ሲመለስ አንድ እቅፍ ደረቅ አስታ ይዟል። አስታን የማታውቁት፣ ከፍ ካለ ደጋ ላይ የሚበቅል፣ ግንዱ የተጠማዘዘ፣ ሽበት የመሰለ ሽበትማ የሚንጠለጠልበት ዛፍ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል። ሲነድ ግን ደስ ይላል፤ እርጥቡም ይነድዳል ይሉታል። ከፓርኩ ውስጥ መልቀም ክልክል ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ልጁም ያውቃል፤ ስካውቱ ደግሞ የተቀጠሩት ይህን ሊከለክሉ ነው።

ስካውቱ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። "የአየሩ ነገር ምን ይመስላል" እንደሚል ሰው ሰማዩን አዩ።

ልጁ አነደደ። ቡናዬን አፈላሁ። ሦስታችንም ጠጣን። በሕይወቴ ከጠጣሁት ቡና ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

*

ጋዙ ሙሉ በሙሉ ያለቀው በስድስተኛው ቀን፣ ቧሂትን ተሻግረን ወደ መሸሃ ወንዝ ስንወርድ ባደርንባት መንደር ነው። አንዲት እናት ቤታቸው አሳደሩን። ምድጃቸው መሬት ላይ ያለ ሦስት ጉልቻ ነው፤ የሚነደው ኩበትና ጭራሮ። ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። ውሃዬን አፈሉልኝ፤ ድንች ቀቀሉልኝ። እኔ አጸፋውን ለመመለስ ያህል ምድጃዬን አወጣሁና በመጨረሻው ጣሳ ቅሪት አንድ ስኒ ውሃ ሳፈላ አሳየኋቸው። ጭስ የለውም። ተደነቁ፤ እጃቸውን አስጠግተው ሞቁት። ከዚያ ነበልባሉ ጠፋ።

"አለቀ?" አሉ።

"አለቀ፣ እናቴ።"

"በየት ይሞላል?"

"አይሞላም። ይጣላል።"

ጣሳውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። የተበሳ ቦታ ፈልገው አጡ። "ታዲያ ምኑ ላይ ነው ብልሃቱ?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልጆቹ ጣሳውን ለጨዋታ ለመኑኝ። መንገዱን ሁሉ "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ሲጠይቁን የመጡ ልጆች ናቸው፤ ለነሱ ባዶ ነገር ጥቅም አለው። ጋዝ የነበረበት ጣሳ እሳት ውስጥ ቢገባ እንደሚፈነዳ አስረድቼ ከለከልኳቸው። አራቱንም ባዶ ጣሳ በበቅሎ ጭኜ አዲአርቃይ ድረስ ይዤ ወረድኩ።

ከዚያች ቤት እስከ መጨረሻው የበላሁት በሶ ነው። ስካውቱ ሲበጠብጡልኝ አንድም ቀን አላሾፉብኝም።

*

አዲስ አበባ ተመልሼ ጽሑፉን ጻፍኩ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ብዙ ሰው አጋራው። ስለ ዋልያው፣ ስለ ቃጠሎው፣ ስለ ግጭ ነዋሪዎች መነሣት ጻፍኩ። እናም በአንድ አንቀጽ፣ አሁንም ሳስታውሰው የሚያሳፍረኝ ቃል ተጠቅሜ፣ "ነዋሪው አስታውን እየጨፈጨፈ" አልኩ። የመጽሔቱ ጥያቄ "ማነው የሚያጠፋው?" ስለነበረ መልስ ሰጠሁ። በግጭ ሌሊት ማን በምን ቡና እንዳፈላ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ከወር በኋላ ስልኬ ጮኸ። ስካውቱ ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ አዝመራው ተጠያየቅን። ከዚያ፦

"ጽሑፍህን ልጄ አነበበልኝ" አሉ።

"እንዴት አገኙት?"

"ደኅና ነው። እውነት አለው። ያን የጠጣኸውን ቡና ግን አልጻፍኸውም።"

ዝም አልኩ። እሳቸውም ጥቂት ዝም አሉና "በል ደኅና ሁን፤ መንገድ ካመጣህ ቤታችን አለ" ብለው ዘጉ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሰበብ ነበረኝ። ብጽፈው ልጁንና እሳቸውን ከእንጀራቸው አፈናቅላለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነትም አለው፤ ዛሬም ስማቸውን የማልጽፈው ለዚህ ነው። ነገር ግን የእኔን ስም ብቻ አስገብቼ "እኔ፣ ጋዝ ስላለቀብኝ፣ የፓርኩን አስታ አንድጃለሁ" ማለት እችል ነበር። ያላልኩት ለእነሱ አስቤ አይደለም። አንባቢ ፊት ንጹሕ ሆኜ ለመቆም ነው።

*

ታዲያ ይህን ዛሬ ለምን አነሣሁት? ስለ ማገዶ የምንነጋገርበት መንገድ ያው እኔ የጻፍኩት ዓይነት ሆኖ ስላገኘሁት ነው። በየስብሰባው፣ በየዜናው፣ በዚህ ቻናል አስተያየት መስጫ ሳይቀር፣ ዛፍ የሚቆርጠው "ግንዛቤ የሌለው ኅብረተሰብ" ነው። እኔ ግንዛቤ ነበረኝ። ዲግሪ አለኝ፤ ደንቡን አንብቤያለሁ፤ የዓለም ቅርስ መሆኑን ከነዓመተ ምሕረቱ በቃሌ እላለሁ። ሁለት ሌሊት በረደኝና አነደድኩት። ያነደድኩት ሌላ የሚነድ ነገር ስላልነበረኝ ነው።

ያች እናት ደግሞ ሌላ የሚነድ ነገር የሌላቸው ለሁለት ሌሊት አይደለም። በአገራችን ከዐሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ገደማ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። ቡታጋዙ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ፣ ከከተማ የማይወጣ ነው። ላምባ ድሮ የድሀ እሳት ይባል ነበር፤ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ የላምባም ዋጋ ከሌላው ጋር ወጣ። ኩበት ስታነድድ ማሳህን ማዳበሪያ ታሳጣዋለህ፤ አስታ ስታነድድ ፓርኩን ታሳጣለህ። "ተው" የሚል ሰው ብዙ ነው። "በዚህ ተካው" ብሎ የመጣ ግን እዚያ መንደር አላየሁም።

ታሪካችን ራሱ ይህን ያስተምራል። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእንጦጦና የዙሪያው ደን አልቆ፣ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ይችን ከተማ ከመሰደድ ያዳናት "ዛፍ አትቁረጡ" የሚል አዋጅ ብቻ አይደለም፤ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ቶሎ የሚያድግ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የራሱ ጣጣ እንዳለው አውቃለሁ፤ አትጻፉልኝ። ነጥቤ ግን የዋና ከተማው ሰው ማገዶ ሲያጣ "ግንዛቤ የለውም" ተብሎ እንዳልተዘለፈ ነው። ምትክ ተፈለገለት። የግጭ ሰው ሲሆን ግን ቀድሞ የታሰበው እሱን ማንሣት ነው።

ምትክ ደግሞ የግድ ሩቅ አይደለም። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጀራ ለመጋገር የሚፈጀውን እንጨት እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ በገዛ አገራችን ባለሙያዎች የተሠራ ነው። ያደርንባት ቤት ግን አልደረሰም ነበር። ሰው ለፓርኩ ሲል የማገዶ መልቀሚያውን ከተወ፣ ከየቱሪስቱ ከሚሰበሰበው መግቢያ ላይ ምድጃ፣ የራሱ ባሕር ዛፍ ማሳ፣ መስመሩ በደረሰበትም የመብራት ምጣድ ይገባዋል። ስጦታ አይደለም። ዋጋ ነው። እኔ ጎንደር ላይ በግራም እየመዘንኩ ለቱሪስት ትርፍ ጋዝ ገንዘብ ከፍያለሁ፤ ለዚያች እናት ኩበት ግን ሳንቲም አልከፈልኩም። "የእንግዳ ነው" ብለው እምቢ አሉኝ፤ እኔም አልጨቀጨቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በ2013 ጦርነቱ መጣ፤ የወረድኩባት አዲአርቃይ የጦር ሜዳ ሆነች። ከዚያ በኋላም አገሩ አልረጋም። በእግሩ የሚሄድ ቱሪስት በመመናመኑ፣ የስካውቱም የበቅሎ ነጂውም የአስጎብኚውም ገቢ እንደዚያው ነው። የስካውቱ ስልክ መጮኽ ካቆመ ቆይቷል። ይህን ጽሑፍ ልጃቸው ያነብላቸው እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ቀን ሰላም ሆኖ ወደ ሰሜን ተራሮች በእግር ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ምክሬ ይኸው ነው። ጋዙን ተስፋ አታድርጉ፤ የምታገኙት የሌላ ሰው ትርፍ ነውና መዝናችሁ ግዙ። ሌሊት ጣሳውን ብርድ ልብሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ እደሩ። ከሁሉ በላይ በሶ ያዙ። በሶውን ማን በምን እሳት እንደቆላው ጠይቁ፤ ሰው ቤት ውሃ ካስፈላችሁም የማገዶውን ክፈሉ፤ እምቢ ቢሉ ጨቅጭቁ።

እኔ ደግሞ ዕዳዬን ልክፈል። ኅዳር 2012፣ ግጭ ላይ፣ ከፓርኩ የተለቀመ አስታ ተነድዶ ቡና ተፈልቷል። ያፈላሁት እኔ ነኝ።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልኝ። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ሰላም ሁኑ።